የተደበቀ ሻጋታ፦ ቤት ከመግዛታችሁ በፊት ምልክቱን፣ ምክንያቱንና መፍትሄውን እወቁ

ቤት ልታዩ ሄዳችሁ ግድግዳ ላይ ሻጋታ ብታዩ ብዙም አትደንግጡ። የሚታይ ነገር ይለካል፣ ይገመታል፣ ዋጋ ላይም ትደራደሩበታላችሁ። ከባዱ ከቁምሳጥን ጀርባ፣ ከምንጣፍ ሥር፣ ከኮርኒስ በላይ የተቀመጠው ነው። እሱ ብቅ የሚለው ገንዘቡ ተከፍሎ፣ ዕቃው ገብቶ፣ ልጆቹ ማሳል ከጀመሩ በኋላ ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህን ያዙልኝ፦ ሻጋታውን ትታችሁ ውሃውን ፈልጉ። የሻጋታ ዘር፣ ስፖር የሚባለው ብናኝ፣ በየቤቱ አየር ውስጥ አለ፤ ደጅም አለ። ምግቡም ሞልቷል። እንጨት፣ ካርቶን፣ የጅብሰም ቦርድ የለበሰው ወረቀት፣ ምንጣፍ ላይ የተኛ አቧራ ሳይቀር ይበላል። የሚጎድለው ውሃ ብቻ ነው። የረጠበ ነገር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በደንብ ከደረቀ አብዛኛውን ጊዜ አይሻግትም። የሻገተ ነገር ካገኛችሁ እንግዲህ እዚያ ቤት ውሃ ገብቶ ከርሟል፤ ወይም እየተመላለሰ ነው።

ስትሄዱ የእጅ ባትሪ፣ የእርጥበት መለኪያ፣ የአሉሚኒየም ፎይልና ማሸጊያ ፕላስተር ያዙ። ቢቻል ሁለቴ ሂዱ፤ አንዱ ዝናብ በጣለ ማግስት ይሁን። አስም ያለበት ሰው ካለ ለፍተሻው አታስከትሉት።

ስትገቡ የሚቀበላችሁ የእርጥብ አፈር ሽታ

ለእኔ ከምልክቶች ሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው። ሻጋታ ሲያድግ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ በግድግዳ ስንጥቅና በኮርኒስ ክፍተት ሾልኮ ይመጣል። ዓይን ያላየውን አፍንጫ ያገኘዋል ማለት ነው። ችግሩ፣ አፍንጫ ቶሎ ይለምዳል። ጥቂት ደቂቃ ከቆያችሁ ሽታው የጠፋ ይመስላችኋል። በር ላይ ስትደርሱ ወሬ አቁማችሁ በመጀመሪያው ትንፋሽ ምን እንደሸተታችሁ ልብ በሉ። መሃል ላይ ውጡና ንጹህ አየር ወስዳችሁ ተመለሱ። ከዚያ የተዘጉ ቦታዎችን እየከፈታችሁ አሽትቱ፦ ቁምሳጥን፣ የእቃ ማጠቢያ ሥር፣ የደረጃ ሥር ጓዳ።

አንድ ጊዜ ከእህቴ ጋር ቤት ልናይ ሄድን። ሳሎኑ ውስጥ የአየር ማጣፈጫው አፍንጫ ይሰነፍጣል። መስኮቶቹ በሙሉ ወለል ብለው ተከፍተዋል። እህቴ ብርሃኑን ወዳዋለች። እኔ መኝታ ቤት ገብቼ ከግድግዳው ጋር ተያይዞ የተሠራውን ቁምሳጥን ከፈትኩና ጭንቅላቴን አስገባሁ። የቆየ ካርቶን ሽታ። ከታች ጥግ ላይ የጀርባውን ጣውላ በአውራ ጣቴ ስጫነው ጣቴ ሰመጠ፤ ሻይ ውስጥ የተነከረ ብስኩት በሉት። ባትሪ ሳበራበት በጣውላው ጠርዝ ግራጫ ጸጉር የመሰለ ነገር በቅሏል። ዞሬ ከግድግዳው ማዶ ያለውን አየሁ። የሻወር ቤቱ ነው። የሴራሚኩ መጋጠሚያ ተሰንጥቆ፣ ሰው በታጠበ ቁጥር ውሃው ወደ ቁምሳጥኑ ጀርባ ሲሰርግ ኖሯል።

መፍትሄው ቀላል ነው፦ መስኮቶቹ ተዘግተው፣ ምንም ነገር ሳይረጭ ቤቱ አንድ ሌሊት እንዲያድር ጠይቁ። ጠዋት መጀመሪያ እናንተ ግቡ። የበረኪና ሽታ ከተቀበላችሁ ደግሞ ምን እንደጸዳና የት ቦታ እንደሆነ በግልጽ ጠይቁ። ሻጩ ይህን ሁሉ ከከለከለ ክልከላውም ራሱ መልስ ነው።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ የተቀባ አዲስ ቀለም

ቤቱ በሙሉ ታድሶ ከሆነ ችግር የለውም። ሌላው ደብዝዞ አንድ ጥግ ብቻ ሲያበራ ግን ቆም በሉ። ኮርኒሱ ላይ አንዲት አዲስ የጅብሰም ቦርድ ብቻ ተቀይራ ካያችሁም እንደዚያው። በሻጋታ ላይ የተቀባ ቀለም ብዙ አይቆይም፤ ይነፋል፣ ይላጣል፣ ነጠብጣቡ ተመልሶ ይወጣል።

ባትሪውን ፊት ለፊት አታብሩ። ግድግዳው ላይ አስጠግታችሁ በአግድም አብሩት። እብጠቱ፣ ስንጥቁ፣ የተለጠፈው ቦታ ጥላ ሠርቶ ይታያል። ከዚያ በእጃችሁ መዳፍ ዳስሱ። ከአጠገቡ ካለው ግድግዳ ይልቅ የሚቀዘቅዝ ቦታ ብዙ ጊዜ እርጥብ ነው። ዞኮሎውንም፣ ማለትም የግድግዳውን ግርጌ ተከትሎ የተገጠመውን ጠርዝ፣ እዩ። የዞኮሎው ብሎን ወይም ምስማር ከዛገ እዚያ ጋ ውሃ ቆሞ ነበር።

የእርጥበት መለኪያው እዚህ ላይ ይጠቅማል። እንጨት ላይ ከ20 በመቶ በላይ ካሳየ ለሻጋታ የሚበቃ ውሃ አለ። ከ15 በመቶ በታች ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ አያሳስብም። ልስን፣ ብሎኬትና ጅብሰም ላይ ግን ቁጥሩን እንደ እውነተኛ መቶኛ አትውሰዱት። መጀመሪያ ደረቅ መሆኑን የምታውቁትን የውስጥ ግድግዳ ለኩ፤ ከዚያ የጠረጠራችሁትን ለኩና አወዳድሩ። መርፌ የሌለው ዓይነት መለኪያ ደግሞ ከኋላ ብረት ወይም የመብራት ሽቦ ካለ ውሸት ያነባል። ሙቀት የሚያሳይ ካሜራ ይዞ የሚመጣ ባለሙያ ካገኛችሁ ጥሩ ነው፤ ግን ካሜራው የሚያየው የሙቀት ልዩነትን እንጂ ሻጋታን አይደለም። ቀዝቃዛ ያለውን ቦታ በመለኪያ ማረጋገጥ አለበት።

ከወለል ጀምሮ ሽቅብ የወጣ እርጥበትና ነጭ ዱቄት

ነጩን ዱቄት ብዙ ሰው ሻጋታ ይለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጨው ነው። ውሃ በብሎኬቱና በሲሚንቶው ውስጥ ሲያልፍ ጨው አሟሙቶ ያወጣል፤ ውሃው ሲተን ጨው ግድግዳው ላይ ይቀራል። መለየቱ አያስቸግርም። ጥቂት ጠብታ ውሃ አድርጉበት። ጨው ይሟሟል፤ ሻጋታ አይሟሟም። ጨው መሆኑን ካወቃችሁ በኋላ ግን "ተመስገን" ብላችሁ አትለፉት። ጨው ያመጣው ውሃ ከኋላው ሻጋታንም ሊመግብ ይችላል፤ በተለይ ዞኮሎው ወይም የወለሉ ጣውላ እንጨት ከሆነ።

ምክንያቱን ለማግኘት ወደ ውጭ ውጡ። አብዛኛው ሰው ውስጡን ዞሮ ይመለሳል፤ መልሱ ግን ብዙ ጊዜ ውጭ ነው። አሸንዳው ተደፍኗል? መውረጃ ቱቦው ውሃውን ከቤቱ እግር ሥር ይደፋል? የግቢው አፈር ከውስጡ ወለል ከፍ ብሏል? መሬቱ ወደ ቤቱ ያዘነበለ ነው? ከእነዚህ አንዱ ካለ መፍትሄው አሸንዳ መጥረግ፣ ቱቦውን ማራቅ፣ አፈሩን ዝቅ አድርጎ ወደ ውጭ ማዘንበል ነው። ይህ ብዙ ወጪ የለውም። ውጩ ሁሉ ደህና ሆኖ እርጥበቱ ከወለል አንድ ሜትር ያህል ድረስ በመስመር ከወጣ ግን፣ ውሃው ከመሠረቱ እየተሳበ ሊሆን ይችላል። እሱ ከባድ ሥራ ነው። መሐንዲስ ሳያየው አትፈርሙ።

የሲሚንቶ ወለልን ለመፈተሽ ጎኑ 46 ሳንቲ ሜትር የሆነ ላስቲክ አንጥፋችሁ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጉና ቢያንስ 16 ሰዓት ተዉት። ስትገልጡት ከሥሩ ውሃ ካቋጠረ ወይም ሲሚንቶው ከጠቆረ እርጥበቱ ከወለሉ ይመጣል። እንዲህ ባለ ወለል ላይ ምንጣፍ ወይም ጣውላ ማንጠፍ ለሻጋታ መደብ መሥራት ነው።

ጥግ ላይና ከትልልቅ ዕቃ ጀርባ ጥቁር ነጠብጣብ

እዚህ ጋ ሰው ያለ ምክንያት ይሸሻል። ብዙ ጊዜ የሚያፈስ ነገር የለም። የማብሰያው፣ የሻወሩና የተኙ ሰዎች ትንፋሽ እንፋሎት ቀዝቃዛውን የውጭ ግድግዳ ሲነካ ጤዛ ይሆናል። አልጋ ወይም ቁምሳጥን የተጠጋበት ቦታ ደግሞ አየር አያገኝም፤ አይደርቅም።

ፍሳሽ ይሁን ጤዛ ለመለየት ፎይል ተጠቀሙ። ግድግዳውን በጨርቅ አድርቃችሁ ቁራጭ ፎይል ለጥፉና አራቱንም ጠርዝ አሽጉ። በማግስቱ እዩት። ውሃው በክፍሉ በኩል ባለው ፊት ላይ ካለ ጤዛ ነው። በግድግዳው በኩል ካለ ከውስጥ የሚመጣ ነው።

ጤዛ ከሆነ መፍትሄው በእጃችሁ ነው። መስኮት መክፈት፣ መታጠቢያ ቤትና ማብሰያ ቤት ላይ አየር ማውጫ ፋን መግጠም፣ ዕቃን ከውጭ ግድግዳ ትንሽ ማራቅ። የቤት ውስጥ የአየር እርጥበት ከ60 በመቶ በታች፣ ቢቻል ከ30 እስከ 50 በመቶ ቢሆን ይመረጣል። ሌላው ነገር ሁሉ የሚስማማችሁ ቤት በዚህ ምክንያት አይቅርባችሁ።

ኮርኒስ ላይ ቡናማ ቀለበት

አንድ ቀለበት ከሆነ አንዴ አፍስሶ ደርቆ ሊሆን ይችላል። ቀለበት በቀለበት ላይ ከተደራረበ ግን ውሃው እየተመላለሰ ነው። ጣሪያው የተቀደደበት ቦታ ከቀለበቱ በላይ ነው ብላችሁ አትገምቱ፤ ውሃ በማገሩ ላይ ተንሸራቶ ርቆ ሄዶ ሊንጠባጠብ ይችላል። የኮርኒሱን መውጫ አስከፍታችሁ ባትሪ ይዛችሁ እዩ። የጠቆረ እንጨት፣ የዛገ ምስማር፣ የተኛ የሙቀት መከላከያ ፈልጉ። የመታጠቢያ ቤቱ ፋን ቱቦ ውጭ ድረስ መድረሱንም አረጋግጡ። ኮርኒስ ውስጥ የሚያበቃ ቱቦ እንፋሎቱን ሁሉ ጣሪያው ሥር ያከማቻል።

መታጠቢያ ቤትና ማብሰያ ቤት

ሴራሚኩን በጣት አንጓ ቆርቁሩ። ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ከኋላው ለቋል። የሽንት ቤቱን መቀመጫ በቀስታ ነቅንቁት፤ ከተነቃነቀ ከሥሩ ውሃ ሊያፈስ ይችላል። የእቃ ማጠቢያውን ቁምሳጥን ወለል ተጫኑት፤ ያበጠ ወይም የለሰለሰ ከሆነ ቱቦው ያፈስ ነበር። ከዚያ ቧንቧውን ሁሉ ዘግታችሁ የውሃ ቆጣሪውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ማንም ውሃ ሳይነካ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልከቱ። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ አንድ ቦታ ላይ የሚያፈስ ቧንቧ አለ።

አየር ማቀዝቀዣ ካለ የውሃ መቀበያውን አስከፍቱ። ውሃው ከቆመበት የፍሳሽ ቱቦው ተደፍኗል።

ላቦራቶሪስ?

ሻጋታው በዓይን ከታየ ስሙን ለማወቅ ገንዘብ አታባክኑ። የትኛውም ዓይነት ቢሆን መወገድ አለበት። ቀለሙም ብዙ አይነግራችሁም። "ጥቁር ሻጋታ" እየተባለ የሚፈራው ስታኪቦትሪስ ነው፤ ግን ጥቁር የሚመስሉ ሌሎች በርካታ ሻጋታዎች አሉ።

ክዳኑ ተከፍቶ ክፍል ውስጥ የሚቀመጠውን የሙከራ ሳህን አልመክርም። ስፖር የሌለበት ቤት ስለሌለ ሳህኑ የትም ቢቀመጥ ይሻግታል። የአየር ናሙና ከዚህ ይሻላል፤ ግን እሱም የጥቂት ደቂቃ ፎቶ ነው። የዚያኑ ቀን ከደጅ ከተወሰደ ናሙና ጋር ካልተወዳደረ ትርጉም የለውም። በታሸገ ግድግዳ ውስጥ ያለ ሻጋታ ደግሞ በዚያ ሰዓት ምንም ላይለቅ ይችላል። "አየሩ ንጹህ ነው" የሚል ወረቀት ስላገኛችሁ ሽታውን አትርሱት። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ ለጤና አስተማማኝ የሆነ የስፖር መጠን ቁጥር አላስቀመጠም። ይልቁንም እርጥበቱ ይከልከል፣ የታየው ይወገድ ነው ያለው።

ናሙና የሚጠቅመው ሽታ ኖሮ ምንም ሳይታይ ሲቀር፣ ወይም አንድ ነጠብጣብ ሻጋታ ይሁን እድፍ ሳይለይ ሲቀር ነው። ለኋለኛው ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስተር ተለጥፎ ተነስቶ ላቦራቶሪ የሚሄድ ናሙና ይበቃል።

ካገኛችሁስ?

አትፋቁት። ፋንም አታብሩበት። ሲነካ ስፖሩ ቤቱን ያዳርሳል። ፎቶ አንሱ፣ ቦታውንና የመለኪያውን ቁጥር ጻፉ። ግድግዳ መክፈት ካስፈለገ የሻጩን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ። የሚመረምረውና የሚያጸዳው ሰው አንድ እንዳይሆን ተጠንቀቁ፤ ችግሩ በበዛ ቁጥር የሚጠቀም ሰው ገለልተኛ ሊሆን አይችልም።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የሻገተው ቦታ 1 ካሬ ሜትር የማይሞላ ከሆነ ባለቤቱ ራሱ ሊያጸዳው እንደሚችል ይመክራል፤ ኤን 95 ማስክ፣ ጓንትና መነጽር አድርጎ። ከዚያ ከበለጠ ለባለሙያ ይሰጥ። ሴራሚክ፣ ብርጭቆና ብረት በሳሙናና በውሃ ታጥቦ ይደርቃል። የሻገተ ጅብሰም ቦርድ፣ ምንጣፍና ከእንጨት ፍርፋሪ ተጨምቆ የተሠራ ጣውላ ግን ተቆርጦ ይወጣል። በረኪና ረጭቶ መተው አይበቃም። ላይ ላዩን ያነጣዋል፤ ውሃው ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ የሞተ ሻጋታም ቢሆን አለርጂ መቀስቀሱ አይቀርም። በረኪናን አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ደግሞ በፍጹም አትቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።

የሥራው ቅደም ተከተል ውሉ ውስጥ ይግባ፦ መጀመሪያ ውሃው ይቁም፣ ቀጥሎ የሻገተው ይውጣ፣ ከዚያ ይድረቅ፣ ቀለም መጨረሻ ላይ። ሻጩ "ቀብተን እናስረክባችኋለን" ካለ እምቢ በሉ። ግድግዳው ክፍት ሳለ እዩት። ከሚቀጥለው ዝናብ በኋላ መለኪያችሁን ይዛችሁ ተመለሱና ቀድማችሁ የጻፋችኋቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ ለኩ። ቁጥሩ ከደረቁ ግድግዳ ጋር ሲስተካከል ያኔ ፈርሙ።