ዘንዶው ይቆየን፣ መጀመሪያ ማጠፊያው፦ የቻይና ሰንጢ የሚሠሩ ጀማሪዎች የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ልጅ ጋራዤ ድረስ መጣ። ራሱ የሠራውን ሰንጢ ይዟል። እጀታው ናስ ነው፤ በሁለቱም ጎን ዘንዶ ተቀርጾበታል። ዘንዶው ያምራል፣ አልዋሽም። ቅርፊቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ተቀብዬ ከፈትኩትና ትንሽ ወዝወዝ ሳደርገው ስለቱ በራሱ ጊዜ ተከደነ። ጣቴ ለጥቂት ተረፈ።

«ጋሼ፣ እንደሱ የሆነው የጥንት የቻይና ስታይል ስለሆነ ነው» አለኝ።

ይሄን ሰበብ ስሰማ አራተኛዬ ነው። አራቱም ጎበዝ ልጆች ናቸው፣ አራቱም የሠሩት አንድ ዓይነት ጥፋት ነው። ስለዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ። ብረት የለመድኩት አዲስ አበባ፣ ጋራዥ ውስጥ፣ ሞርሳና ትራፓኖ (ብረት መያዣውና ቋሚው መብሻ ማሽን) መሃል ነው። ቃሎቼም የዚያ ቤት ቃሎች ናቸውና ታገሱኝ።

ከዘንዶው መጀመር

የድሮው የቻይና ታጣፊ ስለት በአብዛኛው የሥራ ዕቃ ነው። የፀጉር ላጪውን ምላጭ ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1645 ቻይናን ይገዛ የነበረው የቺንግ ሥርወ መንግሥት ወንዶች ሁሉ የፊት ፀጉራቸውን ተላጭተው ከኋላ አንድ ሹሩባ እንዲያስረዝሙ አዘዘ። ፀጉሩን ያስቀረ ራሱን አያስቀርም ተባለ። ቀልድ አልነበረም፤ እምቢ ያሉ ብዙዎች አንገታቸውን ሰጥተዋል። ሹሩባው የቀረው ከ1911 (እ.ኤ.አ.) አብዮት ጋር ነው። ከ260 ዓመት በላይ ላጪው ሥራ አልፈታም ማለት ነው። ትከሻው ላይ ረጅም እንጨት ተሸክሞ በየመንደሩ ይዞራል፤ በአንዱ ጫፍ ውኃ የሚሞቅበት የከሰል ምድጃ፣ በሌላው ጫፍ ደንበኛው የሚቀመጥበት በርጩማ። ቻይኖች ዛሬም አንዱ ብቻ ለሚቃጠልበት ፍቅር «የላጪ ሸክም፣ በአንድ ጫፉ ብቻ የሚሞቅ» ይላሉ።

የዚያ ሰውዬ ምላጭ አጭር፣ ሰፊና ጀርባው ወፍራም ነው፤ ወደ አፉ ሲሄድ እንደ ፀጉር ይቀጥናል። እጀታው ውስጥ ይታጠፋል። የያዘው አንድ ምስማር ነው። ባለፈው ክፍለ ዘመን የቻይና ተማሪዎች እርሳስ የሚቀርጹባት ትንሽ ሰንጢም ያው ናት፤ የታጠፈ ላሜራ፣ አንድ ስለት፣ አንድ ምስማር። ዛሬ በእጅ የሚሠሩ ባለሙያዎች የሚወዱትን ሰፊና አጭር ስለት ያለው፣ ሲከፈት ስለቱን ቆልፎ የሚይዝ ቁልፍ የሌለው ሰንጢ ሳይ እኔ የሚታየኝ ያ ላጪ ነው። ዘንዶ አይታየኝም። ዘንዶ ቅረጹ፣ ማንም አይከለክላችሁም። ግን መጨረሻ ላይ ይሁን።

ማጠፊያው፣ ማጠፊያው፣ ማጠፊያው

እንዲህ ያለው ሰንጢ ሞላ የለውም፣ ቁልፍ የለውም። ስለቱን የሚይዘው ፍትጊያ ብቻ ነው። ሁለት ግድግዳ (የእጀታው ሁለት ጎን)፣ መሃል ላይ ስለት፣ የሚያገናኛቸው አንድ ምስማር። ቀላል ስለሚመስል ሰው ይንቀዋል። ሞላ ቢኖር ሞላው ጥፋታችሁን ይሸፍንላችሁ ነበር። እዚህ የሚሸፍን የለም።

ጀማሪ የሚያደርገውን ልንገራችሁ። ሦስቱን ብረት ለየብቻ ይበሳል። ቀዳዳዎቹ ለትንሽ አይገጥሙም። ምስማሩን በግድ ያስገባል። ሲያየው ላላ ብሏል። ትልቁን መዶሻ ያነሳና ድም! ድም! ምስማሩ ጫፉ ላይ መስፋቱን ትቶ ቀዳዳው ውስጥ ይጎብጣል። አሁን ሰንጢው በጥርስ ካልሆነ አይከፈትም። ዘይት ያንጠባጥብበታል፣ በጉልበት ያመላልሰዋል። በሳምንቱ ከመጀመሪያው ብሶ ይላላል። ያኔ «ጥንታዊ ስታይል» ይባላል። አይ ልጄ! ጥንታዊው ላጪ እንዲህ ላላ ያለ ምላጭ ይዞ ሰው ጉሮሮ አጠገብ ቢደርስ በማግስቱ ደንበኛ አያገኝም ነበር።

እንዲህ አድርጉ። ሁለቱን ግድግዳና ስለቱን አንድ ላይ እሰሩና በአንድ ጊዜ በትራፓኖ ብሱ። በእጅ ድሪል አትሞክሩት፤ መጣመሙ አይቀርም። በ3 ሚሊሜትር መብሻ ከበሳችሁ ምስማሩም 3 ሚሊሜትር ይሁን፣ ሳይንገጫገጭ የሚገባ። የውጪውን የቀዳዳ አፍ በትልቅ መብሻ ለአመል ያህል አስፉት፤ የምስማሩ ራስ የሚተኛው እዚያ ውስጥ ነው። በስለቱ ግራና ቀኝ ስስ የናስ ሮንዴላ (ጠፍጣፋ ቀለበት) አስገቡ። በሮንዴላውና በግድግዳው መሃል ደግሞ ዘይት የነካ ቁራጭ ወረቀት ጣል አድርጉ። ምስማሩ በየጎኑ 1.5 ሚሊሜትር ገደማ ይውጣ።

ከዚያ ትንሿን ክብ ራስ መዶሻ አንሱ። መምታት አይባልም፣ ማንኳኳት ነው። አምስቴ ታንኳኩና ትገለብጣላችሁ፣ አምስቴ ታንኳኩና ትገለብጣላችሁ። የምስማሩን ዳር ዳር፣ መሃሉን አይደለም። በየመሃሉ ሰንጢውን ግማሽ ከፍታችሁ ነቅነቅ አድርጉ። ስለቱ ካልተንቀሳቀሰ፣ በአውራ ጣት ስትገፉት ግን ሳይንቀጠቀጥ ከሄደ፣ መዶሻውን አስቀምጡ። አሁኑኑ። «አንዴ ልጨምርለት» ያለ ሁሉ ሰንጢውን አበላሽቷል። ወረቀቱን ጎትታችሁ ስታወጡ የሚቀረው ክፍተት ነው ማጠፊያውን የሚያስተነፍሰው።

ጭራም አትርሱ። ከስለቱ ሥር ወደ ኋላ የምትወጣ ትንሽ ብረት ናት። ስትጨብጡ መዳፋችሁ እሷን ከእጀታው ጋር አጣብቆ ይይዛታል፤ ቁልፉ የራሳችሁ እጅ ይሆናል። ሁለተኛው የሠራሁት ሰንጢ ጭራ አልነበረውም። ካርቶን ስቆርጥ ጫፉ ተሰነቀረ፣ እኔ ገፋሁ፣ ስለቱ ሌባ ጣቴ ላይ ታጠፈ። አራት ስፌት። ሚስቴ እስከ ዛሬ «የቻይናው ሊቅ» ትለኛለች።

ጭራ ስል፣ ሂጎኖካሚ የሚባለውን ባለጭራ ሰንጢ የቻይና ነው እያላችሁ አትከራከሩ። የጃፓን ነው፣ የሚኪ ከተማ ሥራ።

ብረቱን ካጠነከሩ በኋላ መብሳት፦ ምኑን እጽፈዋለሁ? ለማጠንከር ዘይት ውስጥ ከመንከራችሁ በፊት ብሱ፣ አለቀ።

የብረቱን ቁጥር አለማንበብ

ይቺ ርካሽ ስህተት ናት፣ ግን ውድ ታስከፍላለች። የቻይና ብረት ስሙ ራሱ ይናገራል። 8ሲአር13ኤምኦቪ ሲል ካርቦኑ 0.8 ከመቶ፣ ክሮሚየሙ 13 ከመቶ ገደማ ነው ማለቱ ነው። 9ሲአር18ኤምኦቪ ደግሞ 0.9 እና 18። አንዱ ልጅ «ያው 13 ነው» ብሎ 3ሲአር13 ገዝቶ መጣ። ካርቦኑ 0.3 ነው! ለማንኪያ ይሆናል እንጂ ለሰንጢ አይሆንም። ሁለት ቀን ሙሉ ሲስለው ሰነበተ፤ አንድ ቲማቲም ቆርጦ ደነዘ።

ድሮ ቻይኖች ውድ ብረት ለመቆጠብ ጠንካራውን መሃል ከትተው ለስላሳውን ግራና ቀኝ ያለብሱት ነበር። ጂያጋንግ ይሉታል። አፉ ጠንካራ፣ ጎኑ የማይሰበር። ይሄን ለመጀመሪያ ሰንጢያችሁ አትሞክሩት፤ ለአምስተኛው አቆዩት።

ሰማያዊው ነጥብ

ይሄን እኔም አድርጌዋለሁ፤ ያውም ከአንዴ በላይ። ተራ የካርቦን ብረት ማግኔት መያዝ የሚያቆመው 770 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ ትንሽ አልፎ ዘይት ውስጥ ይነከራል፣ ቀጥሎ 200 ዲግሪ አካባቢ ምድጃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይለዘባል፣ ሁለት ሁለት ሰዓት። እስከዚህ ሁሉም ሰው ተጠንቅቆ ይሠራል። ከዚያ «ትንሽ ላቅጥነው» ብሎ ግራይንደር ላይ ይወጣል። ብልጭታው ያምራል። ጫፉ ላይ ሰማያዊ ነጥብ ብቅ ይላል። ያ ሰማያዊ 300 ዲግሪ ገደማ ነው። እዚያች ቦታ ላይ የደከማችሁበት ጥንካሬ ሄዷል፤ ብርጭቆ ወረቀት አይመልሰውም። አጠገባችሁ ባልዲ ውኃ ይኑር፣ በየማስነካቱ ንከሩ፣ በባዶ እጅ ያዙት። ለጣት ከሞቀ ለስለቱም ሞቋል።

«ቻይና ነው» ብሎ መናቅ

ከዓመታት በፊት አንድ የቢላ ኤግዚቢሽን ላይ ነበርኩ። አንድ ሰው ቻይና፣ ያንግጂያንግ ውስጥ የተሠራ ሰንጢ ይዞ ቆሟል። ፈገግ አልኩ፣ እንደምታውቁት ዓይነት ፈገግታ። ሰውየው ምንም ሳይል ሰንጢውን ሰጠኝ። ከፈትኩ፣ ከደንኩ። እንደገና ከፈትኩ። ስለቱ ሲከደን ከሁለቱ ግድግዳ እኩል ርቀት ላይ ነው የተቀመጠው። እኔ በዚያ ሰሞን የሠራሁት አንዱን ጎን እየፋቀ ነበር የሚገባው። ፈገግታዬን ሰብስቤ ሄድኩ።

ያንግጂያንግ በጓንግዶንግ ግዛት የባሕር ዳር ከተማ ናት፣ የቻይና የቢላና የመቀስ መዲና የምትባለው። ኪዘርና ዊ ናይፍ የሚባሉት ሰንጢ ሠሪ ድርጅቶች የዚያ ልጆች ናቸው። አሜሪካዊው ማይክል ዎከር በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስፋፋውን ከግድግዳው ውስጥ የሚተኛ ቁልፍ፣ ከዚያም ክሪስ ሪቭ የእጀታውን ብረት ራሱን ቁልፍ ያደረገበትን ዘዴ ወሰዱ። ስለቱን በኩሽኔታ ላይ አስቀምጠው በኮምፒውተር በሚታዘዝ ማሽን መቁረጥ ጀመሩ። ዛሬ ብዙ ስም ያላቸው የአሜሪካ ባለሙያዎች ንድፋቸውን እዚያ ያሠራሉ። በእጅ የሚሠራው ሰው አሁን የሚወዳደረው ከዚያ እኩል ክፍተት ጋር ነው። ገዢው አንዴ እጁ ላይ ካየው በኋላ የእናንተን ልቅ ማጠፊያ በዘንዶ አይገዛም።

ቁልፍ ሁልጊዜ ይሻላል ማለት

አውሮፓ ያላችሁ ይቺን አንብቡ። እንግሊዝ ውስጥ ያለ ምክንያት ኪስ ውስጥ መያዝ የሚቻለው የማይቆለፍና አፉ ከ7.62 ሴንቲሜትር የማይበልጥ ታጣፊ ነው። ጀርመን ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአንድ እጅ ተከፍቶ የሚቆለፈውን ያለ በቂ ምክንያት መያዝ ከልክላለች። በቻይና ራሷ የ2007 (እ.ኤ.አ.) ደንብ ተከፍቶ የሚቆለፈውን ታጣፊ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ስለቶች ጋር ቆጥሮታል። እንግዲህ ያ የድሮ ባለ አንድ ምስማር ሰንጢ ለምን እንደገና እንደተፈለገ ገባችሁ? አንድ ወዳጄ ለንደን ለሚኖር ወንድሙ ባለቁልፍ ሰንጢ ሠርቶ ሊልክ ነበር። ለጥቂት አስቆምኩት።

ልጁ ሰንጢውን እኔ ዘንድ ትቶት ሄደ። ዘንዶውን እንዳልነካበት አስምሎኛል። ምስማሩን በስቼ አወጣሁት፤ እንደጠረጠርኩት መሃሉ ጎብጧል። ቅዳሜ ሲመጣ አዲሱን ራሱ ያንኳኳል። ትልቁን መዶሻ ግን ከአሁኑ መኪናው ውስጥ ቆልፌበታለሁ።