ጥይት መልሶ መሙላት፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

ይህ መመሪያ አሜሪካ ውስጥ ለራሳቸው አደንና ዒላማ ተኩስ ጥይት መልሰው ለሚሞሉ፣ ማለትም በተተኮሰ ቀለህ (የጥይቱ የነሐስ ቅርፊት) ላይ አዲስ ፕራይመር (መርፌው ሲመታው ባሩዱን የሚያቀጣጥል ትንሽ ቆብ)፣ ባሩድና አረር (ከበርሜሉ የሚወጣው ጫፍ) ለሚገጥሙ ነው። በፌዴራል ሕግ ለራስ የሚሞላ ጥይት የአምራች ፈቃድ አይጠየቅበትም፤ ሞልቶ ለመሸጥ ግን ፈቃድ ግዴታ ነው። ክፍለ ግዛቶችም የየራሳቸው ደንብ ስላላቸው አስቀድሞ ማጣራት ይገባል። በኢትዮጵያ ሕግ ግለሰብ በቤቱ ጥይት ማምረት ስለማይችል እዚያ የሚሠራ አይደለም።

የባሩድ መጠን እዚህ አልተጻፈም። መጠኑ የሚወሰደው ባሩዱን የሠራው ድርጅት ለዚያው አረር ክብደትና ዓይነት ካወጣው ሠንጠረዥ ብቻ ነው።

የተኩሱ ድምፅ ደከመ፣ መሣሪያው ወደ ኋላ የሚገፋበት ጉልበትም ቀነሰ

ከሁሉም የሚከፋው ምልክት ይህ ስለሆነ ቀድሞ ይምጣ። አብዛኛውን ጊዜ ቀለሁ ውስጥ ባሩድ አልገባም ማለት ነው። ፕራይመሩ ብቻውን አረሩን ገፍቶ በርሜሉ ውስጥ ሊተወው ይችላል፤ ቀጣዩ ጥይት ሲተኮስ በርሜሉ ሊፈነዳ ይችላል። ቃታውን ደግመው አይሳቡ። አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞሩ 30 ሰከንድ ይጠብቁ፣ መሣሪያውን ያራግፉ፣ ከዚያ በርሜሉን ከኋላ በኩል በብርሃን ይመልከቱ። ተዘግቶ ከሆነ ከበርሜሉ ቀዳዳ ጋር በሚቀራረብ የነሐስ ዘንግ በቀስታ እየመቱ ያስወጡት። አልንቀሳቀስ ካለ ለመሣሪያ ጠጋኝ ይስጡት። በሌላ ጥይት ገፍቶ ለማስወጣት መሞከር ፈጽሞ አይደረግም።

መከላከያው ቀላል ነው። ባሩድ የተሞሉትን 50 ቀለሆች መደርደሪያቸው ላይ አቁመው፣ አረር ከመትከልዎ በፊት የእያንዳንዱን የባሩድ ከፍታ በእጅ ባትሪ ይዩ። ይህ እጥፍ የተሞላውንም ያጋልጣል። በ9 ሚሊሜትር ቀለህ ውስጥ ፈጣን ባሩድ እጥፉ ሳይፈስ ሊገባ ይችላል፤ ስለዚህ ለጀማሪ የሚሻለው ሰፊ ቦታ የሚይዝና ሁለቴ ቢሞላ ከአፍ የሚፈስ ባሩድ ነው። ብዙ ደረጃ ባለው ፕሬስ (በእጀታ የሚሠራ ጥይት መሙያ ማሽን) የሚሠሩ ከሆነና እጀታው መሐል ላይ ከቆመ፣ በዚያ ሰዓት ፕሬሱ ላይ ያሉትን ቀለሆች በሙሉ አውጥተው እንደገና ይጀምሩ። እጥፍም ባዶም ጥይት የሚወለደው በአብዛኛው ከእንዲህ ያለ መቋረጥ በኋላ ነው።

ፕራይመሩ ተደፍጥጧል፣ መቀርቀሪያው ለመክፈት ጠንክሯል

የፕራይመር መደፍጠጥ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። መቀርቀሪያው ከጠነከረ፣ የቀለሁ መቀመጫ (የታችኛው ጫፉ) ላይ የሚያብረቀርቅ ክብ ምልክት ከታተመ፣ ወይም የፕራይመሩ ጉድጓድ ሰፍቶ አዲሱ ፕራይመር ያለ ጉልበት ከገባ ግን ግፊቱ ከልክ አልፏል። ተኩሱ እዚያው ይቁም።

መጀመሪያ ሚዛኑን ይጠርጥሩ። የኤሌክትሮኒክስ ሚዛን ሳይሞቅ ሲሠሩበት ወይም የአየር ማራገቢያ ንፋስ ሲደርሰው ይዋዥቃል። ከሚለኩት ባሩድ ጋር በሚቀራረብ የታወቀ ክብደት በየጊዜው ይፈትሹት። ሚዛኑ በግራም ሳይሆን በግሬይን መቆሙንም ያረጋግጡ፤ 1 ግራም 15.43 ግሬይን ስለሆነ ስህተቱ ትንሽ አይሆንም።

ሚዛኑ ትክክል ከሆነ የተለወጠ ነገር ይፈልጉ። የ7.62 ወታደራዊ ቀለህ ብዙ ጊዜ ግድግዳው ከሲቪሉ .308 ዊንቸስተር ይወፍራል፤ ውስጡ ስለሚጠብ ያው ባሩድ የበለጠ ግፊት ይፈጥራል። የአረር ወይም የፕራይመር ዓይነት መቀየር፣ በበጋ መኪና ውስጥ ፀሐይ የመታው ጥይትም እንዲሁ። የተረፉትን ጥይቶች አይተኩሷቸው። አረሩን በመንቀያ አውጥተው የአሥሩን ባሩድ ይመዝኑ። አዲስ ቅንብር የሚጀመረው ከሠንጠረዡ መነሻ መጠን ነው፤ መነሻ ካልተጻፈ ከከፍተኛው 10 በመቶ ዝቅ ብሎ።

ከቀለሁ መቀመጫ ከፍ ብሎ ደማቅ ቀለበት ታየ

ቀለሁ እዚያ ቦታ ሳስቷል፤ በሚቀጥለው ተኩስ ለሁለት ሊቆረጥ ይችላል። ለማረጋገጥ የወረቀት መያዣ ሽቦ ጫፉን በ90 ዲግሪ አጥፈው ይሳሉት፤ በቀለሁ አፍ አስገብተው የውስጡን ግድግዳ ከታች ወደ ላይ ይዳስሱ። ሽቦው ጎድጓዳ ቦታ ላይ ከያዘ ቀለሁ ይጣል፤ አብሮት እኩል ጊዜ የተተኮሰው ሁሉ አንድ በአንድ ይፈተሽ።

መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ዳዩ (ፕሬሱ ላይ ተገጥሞ የተተኮሰውን ቀለህ ወደ ልኩ የሚመልሰው ቅርጽ ማውጫ) ከልክ በላይ ወርዶ የቀለሁን ትከሻ (ወደ አንገቱ የሚጠብበትን ቦታ) ወደ ኋላ ስለሚገፋው ነው። በእጅ መቀርቀሪያ ለሚሠራ ጠመንጃ ትከሻው ከተተኮሰበት ልክ ከ0.001 እስከ 0.002 ኢንች ብቻ ቢመለስ ይበቃል፤ ራሱ ለሚያጎርስ ከ0.003 እስከ 0.004። የተለመደው ዳይ በአንድ ኢንች 14 ጥርስ ስላለው አንድ ሙሉ ዙር 0.071 ኢንች ያንቀሳቅሰዋል። ለ0.002 ኢንች የሚያስፈልገው 10 ዲግሪ ገደማ ነው፤ «ሩብ ዙር ይፍቱ» የሚለው ምክር እጅግ ይበዛል። በየማስተካከያው በትከሻ መለኪያና በካሊፐር ይለኩ።

ቀለሁ ዳይ ውስጥ ተቀረቀረ

ቅባቱ አንሷል፣ ወይም የሚረጨው ቅባት አልኮሉ ሳይደርቅ ገብቷል፤ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። በጉልበት አይታገሉት፣ የቀለሁ ጠርዝ ይቀደዳል። ፕራይመሩ መውጣቱን ካረጋገጡ በኋላ የዳዩን መርፌ (አሮጌውን ፕራይመር ገፍቶ የሚያወጣውን) ወደ ላይ ፈትተው ያርቁ፣ የፕራይመሩን ቀዳዳ በ7 ቁጥር መሰርሰሪያ ያስፉ፣ የ1/4-20 ጥርስ ያውጡለት፣ ከዚያ በብሎን ጎትተው ያስወጡት። ትከሻው ላይ ጎድጎድ ያለ ነገር ከታየ ደግሞ ቅባቱ በዝቷል።

ጥይቱ አይጎርስም

ጥይቱን በጥቁር ማርከር ቀብተው ቀስ ብለው ያጉርሱት፤ ቀለሙ የተፋቀበት ቦታ መንስኤውን ይነግራል። አንገቱ ላይ ከሆነ ቀለሁ ረዝሟል፦ .308 ከ2.015 ኢንች ካለፈ ወደ 2.005፣ .223 ከ1.760 ካለፈ ወደ 1.750 ይከረከማል። ትከሻው ላይ ከሆነ ዳዩ በቂ አልወረደም፣ ወይም አፉ ሲጨመቅ ትከሻው አብጧል፤ ሁለተኛው ከሆነ አረር መትከልና አፍ መጭመቅን በተለያየ ደረጃ ይሥሩ።

የመሣሪያው መርፌ መታ፣ ጥይቱ አልተኮሰም

30 ሰከንድ ይጠብቁ። በሁለተኛው ምት የሚተኩስ ከሆነ ፕራይመሩ ጉድጓዱ ታች አልደረሰም ነበር፤ የመጀመሪያው ምት ጉልበቱን የጨረሰው እሱን በመግፋት ነው። ፕራይመር ከቀለሁ መቀመጫ ከ0.003 እስከ 0.005 ኢንች ዝቅ ማለት አለበት። ወታደራዊ ቀለህ ላይ ፕራይመሩን የያዘው ቀለበት ሳይወገድ አዲስ አይገባም። ተሞልቶ ባለቀ ጥይት ላይ ከፍ ብሎ የቀረን ፕራይመር ግን ገፍቶ ማስገባት ክልክል ነው፤ ጥይቱ ይፈታ።

የ9 ሚሊሜትር አረር ወደ ውስጥ ይገባል

ጥይቱን ከጠረጴዛ ጠርዝ ጋር በአውራ ጣት ይግፉት፤ ርዝመቱ ከቀነሰ አንገቱ አይዝም። አረሩ ሲሰምጥ ግፊቱ በፍጥነት ይጨምራል። አፍ ማስፊያውን ይቀንሱ፤ በመጭመቅ ለማዳን አይሞክሩ። ይህ ጥይት ማጉረሻው ውስጥ የሚቆመው በቀለሁ አፍ ጠርዝ ስለሆነ አፉ ወደ ውስጥ መታጠፍ የለበትም።

ወጪው አልቀነሰም

1 ፓውንድ ባሩድ 7,000 ግሬይን ነው፤ ለስሌት ያህል በ40 ግሬይን 175 ጥይት ይወጣዋል። ትክክለኛው ቁጠባ ቀለሁን በማቆየት ነው፦ ትከሻውን አብዝቶ አለመግፋት፣ ከከፍተኛው መጠን ዝቅ ብሎ መሥራት፣ እኩል ጊዜ የተተኮሱትን ለየብቻ ማስቀመጥ። አንገቱ የተሰነጠቀ ይጣላል። በውስጡ መሐል ላይ አንድ ሳይሆን ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ያለው ቀለህ የዳዩን መርፌ ስለሚሰብር አይሞከርም። ማሸጊያው የተከፈተ ባሩድ በርካሽ መግዛትም ሆነ ሌላ ሰው የሞላውን ጥይት መተኮስ ቁጠባ አይደለም።

ጠረጴዛ ላይ በአንድ ጊዜ አንድ ዓይነት ባሩድ ብቻ ይኑር፤ ሲጨርሱ ወደ ራሱ ዕቃ ይመልሱት። ያለ ምልክት መለኪያው ውስጥ ያደረ ባሩድ አይታመንም። በአሜሪካ የብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ደንብ መሠረት በመኖሪያ ቤት እስከ 20 ፓውንድ ጭስ አልባ ባሩድ በመጀመሪያ ማሸጊያው፣ እስከ 10,000 ፕራይመር ማስቀመጥ ይቻላል፤ የከተማዎ ደንብ ከዚህ ሊያጠብ ይችላል። አየር የማያስወጣ የብረት ካዝና ውስጥ ግን አያስቀምጡት፤ እሳት ቢነሳ ባሩዱን ወደ ቦምብ ይለውጠዋል። ቀለህ ሲጸዳ የሚወጣው አቧራ እርሳስ ስላለበት ከቤት ውጭ ይራገፍ፣ ልጆች ከሚጫወቱበት ይራቅ፤ እጅ ከምግብ በፊት በሳሙና ይታጠብ።