የስኳር ድንች ብስኩት እምቢ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ ለወሎ ጋጋሪዎች

ብስኩት ሲበላሽ መጀመሪያ የሚወቀሰው ኦቭኑ ነው። ቀጥሎ ዱቄቱ። ስኳር ድንቹን የሚጠረጥር የለም። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን ነው። ጥሬ ስኳር ድንች ከክብደቱ ሦስት አራተኛ ያህሉ ውሃ ነው። አቀቃቀሉ ሲበላሽ ደግሞ ሌላ ውሃ ይጨምራል። ሊጡ ተጣበቀ፣ ብስኩቱ ድንጋይ ሆነ፣ በማግስቱ ረጠበ የሚባለው ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚያው ውሃ ላይ ይወድቃል። ሁለተኛው ተጠያቂ ከፍታው ነው፤ ደሴ ላይ በተለይ። ኦቭኑ ሦስተኛ ይሰለፍ።

የማወራው ሲነክሱት ጠርዙ ስለሚሰበር፣ መሃሉ ትንሽ ለስለስ ስለሚል የቡና ቁርስ ብስኩት ነው። ልኬቱ ይኸው፦ 300 ግራም የፉርኖ ዱቄት (ሁለት ተኩል ብርጭቆ ገደማ)፣ 150 ግራም በስሎ የተፈጨ ስኳር ድንች፣ 100 ግራም ቅቤ፣ 80 ግራም ስኳር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ቁንጥር ጨው፣ ቀረፋ ወይም ኮረሪማ እንደ ምርጫችሁ። ቅቤና ስኳሩን አሽታችሁ ድንቹን ጨምሩ፣ ከዚያ ደረቁን። ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ወፍሮ ይዳመጥ፣ በብርጭቆ አፍ ይቆረጥ፣ 180 ዲግሪ ላይ 20 ደቂቃ ገደማ ይጋገር። እንቁላል የለበትም። ድንቹ ራሱ ሊጡን ይይዘዋል።

ሊጡ እጅ ላይ ይጣበቃል፣ አልዳመጥ ይላል

ድንቹን እንዴት አበሰላችሁት? ልጣችሁና ቆራርጣችሁ ውሃ ውስጥ ከቀቀላችሁት ምክንያቱን አገኘነው። የተቆረጠ ድንች በየጎኑ ውሃ ይጠጣል፤ ጣዕሙ ደግሞ በተቃራኒው ወደ ማሰሮው ይወጣል። ከነልጣጩ፣ ሳይቆረጥ ይብሰል። በእንፋሎት ቢሆን ይሻላል። ከሁሉ የሚሻለው ረመጥ ውስጥ ቀብሮ ቀስ ብሎ መጥበስ ነው። ቡና የሚፈላበት ቤት ረመጥ አይጠፋም።

ከበሰለ በኋላ ወዲያው አትፍጩት። ሰንጥቁትና እንፋሎቱ ይውጣለት። ከዚያ ፍጩና አንድ ማንኪያ አንስታችሁ ነጭ ሳህን ላይ አስቀምጡ። ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ዙሪያውን ቀጭን የውሃ ቀለበት ካወጣ ገና ነው። ደረቅ መጥበሻ ላይ አድርጋችሁ በዝግ እሳት አማስሉት። መጀመሪያ ጭስ የመሰለ እንፋሎት ያወጣል፣ ቀጥሎ ከመጥበሻው ጎን እየለቀቀ መሃል ላይ ይሰበሰባል። ያኔ አውርዱት፣ ይቀዝቅዝ። የሚመዘነው 150 ግራም ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

ሊጡ አንዴ ተቦክቶ ከሆነስ? «ዱቄት ጨምሪበት» የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ይመጣል። አትስሙ። ሸፍናችሁ ቀዝቃዛ ቦታ ላይ ግማሽ ሰዓት ተዉት። ዱቄቱ ውሃውን ይጠጣል፣ ቅቤውም ይረጋል። ደሴ ላይ ለዚህ ፍሪጅ አያስፈልግም፤ መስኮቱ አጠገብ ማስቀመጥ ይበቃል። አሁንም ከተጣበቀ በሁለት ላስቲክ መሃል ዳምጡት።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ውስጡ ብርቱካንማ የሆነው ስኳር ድንች፣ እንደ ኩልፎ ያለው ዝርያ፣ ከነጩ ይበልጥ ውሃ ይይዛል። ነጩ ደረቅና ዱቄታም ነው። በነጩ የለመደ እጅ ብርቱካንማውን ሲያገኝ ይደነግጣል። በነጩ ስትሠሩ ግን ሊጡ ሊሰነጣጠቅ ይችላል፤ ያኔ አንድ የሾርባ ማንኪያ ወተት ጨምሩ።

ብስኩቱ ጥርስ ይሰብራል

ከላይ የተከለከለውን ዱቄት ጨምራችኋል ማለት ነው። ወይም ሊጡን እንደ ዳቦ አሽታችሁታል። እኛ አገር ሊጥ ሲባል እጅ ዝም አይልም፤ ድፎ ሊጥ ጥሩ የሚሆነው በደንብ ሲታሽ ነው። ብስኩት ግን ተቃራኒው ነው። ሲታሽ የስንዴው ጅማት ይጠነክራል፣ ሲጋገር ይደርቃል። ደረቁ ዱቄት እንደጠፋና ሊጡ አንድ ላይ እንደተሰበሰበ እጃችሁን አንሱ። ዱቄቱን ስትለኩም ብርጭቆውን ዱቄት ውስጥ ነክራችሁ አትጠቅጥቁ። በማንኪያ እየጨመራችሁ ሙሉትና አፉን በቢላ ጥረጉት። በተጠቀጠቀና ባልተጠቀጠቀ ብርጭቆ መሃል ያለው ልዩነት ቀላል አይምሰላችሁ።

ኮምቦልቻ ላይ የሚያምረው ደሴ ላይ ይሰምጣል

«እትዬ፣ ያው እጄ፣ ያው ዱቄት፤ ምን ነካው?» ትላለች ከኮምቦልቻ ደሴ የገባች ልጅ። ምንም አልነካው የኔ ልጅ። ዳገቱን ወጥተሽ ነው እንጂ።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ብትርቅም ወደ 600 ሜትር ዝቅ ትላለች። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ቤኪንግ ፓውደር የሚያወጣው ጋዝ የሚጫነው ነገር ስለሚቀንስ ቶሎና ብዙ ይነፋል። ብስኩቱ ሳይጠነክር በፊት ይወጠርና መሃሉ ይወድቃል። ውሃውም ደሴ ላይ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሆነ ቶሎ ይተናል። ለዚህ ነው ጠርዙ ደርቆ መሃሉ የሚሰምጠው።

ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው የብስኩት አሠራር አብዛኛው የተጻፈው ለዝቅተኛ አገር ነው። ደሴ ላይ ስትሠሩ የተጻፈውን ቤኪንግ ፓውደር በሩብ ቀንሱ። ካልበቃ በሲሶ። ከስኳሩ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቀንሱ፤ ስኳር ሲበዛ ብስኩቱን ያልፈሰፍሰዋል። የኦቭኑን ሙቀት ደግሞ በ10 ዲግሪ ከፍ አድርጉ፣ ቶሎ እንዲይዝ። እኔ ከላይ የሰጠሁት ልኬት ለደሴ የተቀነሰ ነው። ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ ወይም ባቲ ያላችሁ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ብትጨምሩበት ይሻላል።

ድንቹንም ደጋ ላይ በሰዓት አትመኑት። ቆላ ላይ ከሚፈጀው በላይ ይቆያል። በቢላ ጫፍ ወግታችሁ እስከ መሃሉ ያለ ትግል ከገባ በስሏል።

ታቹ አሯል፣ ላዩ ጥሬ ነው

ይሄ የእሳት ጉዳይ ነው። ስኳር ድንች የራሱ ስኳር ስላለው ከተራ ብስኩት ቶሎ ይጠቁራል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ የሚያሞቀው ከታች ብቻ ነው። ብስኩቱን ቀጥታ ምጣዱ ላይ ካስቀመጣችሁት ማረሩ አይቀርም። ሦስት ትንንሽ ጠጠር ምጣዱ ላይ አስቀምጡ፣ በላዩ ስስ ትሪ፣ ትሪው ላይ ብስኩቱ። አክንባሎውን ድፉበት። ታቹ ጠንከር ሲል አንድ በአንድ ገልብጡት። መልኩ እንደ ኦቭኑ አያምርም፤ ሲበላ ግን ማንም አይለየውም።

በከሰል ለሚሠራ ሰው መፍትሄው እናቶቻችን ድፎ የሚደፉበት ዘዴ ነው፦ እሳት ከታችም ከላይም። ወፈር ያለ ድስት ውሰዱ። ታቹ ላይ ሁለት ጣት ያህል ደረቅ አሸዋ አድርጉ። ትሪውን አሸዋው ላይ አስቀምጡና በብረት ክዳን ግጠሙ። ክዳኑ ላይ ፍም። ከእሳቱ የሚበዛው ከላይ ይሁን፤ ከታች ያለው ትንሽ ይበቃዋል። ፍሙ ከበረታ አመድ ነስነስ አድርጉበት። ብስኩቱን ከማስገባታችሁ በፊት ትሪው ላይ ቁንጥር ዱቄት በትኑና ክደኑት። ወዲያው ከጠቆረ እሳቱ በዝቷል። ቀስ ብሎ ቡኒ ከሆነ ልክ ነው። ክዳኑን ስታነሱ ፍሙና አመዱ እንዳይወርድበት ተጠንቀቁ። ኮባ ቅጠል ያላችሁ ከታች ብታነጥፉ ማረሩን ያበርዳል፣ ጠረኑም ደስ ይላል። እንፋሎት ስለሚይዝ ግን ታቹ ለስላሳ ይሆናል፤ ምርጫው የናንተ ነው።

ኦቭን ውስጥም ታቹ የሚያርርባችሁ ሁለት ትሪ ደራርቡ። ትሪውንም አንድ እርከን ከፍ አድርጉ።

መብራት መሃል ላይ ሄደ? አብሽሩ። ኦቭኑን አትክፈቱ። ከግማሽ በላይ ከተጋገረ በቀረው ሙቀት ይጨርሳል። ገና ከገባ ግን ቶሎ አውጥታችሁ ወደ ከሰሉ ድስት አዙሩት። ያልገባው ሊጥ ተቆርጦና ተሸፍኖ ብርድ ቦታ ላይ አንድ ሁለት ሰዓት ቢጠብቅ ችግር የለውም።

አረንጓዴ ሆነ!

ይሄን ያየ ሰው መርዝ ይመስለዋል። አይደለም። ቤኪንግ ፓውደር ሲጠፋ ቤኪንግ ሶዳ የተጠቀመ ሰው ነው ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው። ስኳር ድንች ውስጥ ክሎሮጄኒክ የሚባል አሲድ አለ። ሶዳው ሊጡን ሲለውጠው ይህ አሲድ ከፕሮቲን ጋር ይገናኝና አረንጓዴ ወይም ግራጫ ቀለም ያወጣል። መበላቱ ይበላል፤ እንግዳ ፊት ለማቅረብ ነው የሚያሳፍረው። ወደ ቤኪንግ ፓውደር ተመለሱ። የተፈጨው ድንች ላይም ጥቂት ጠብታ ሎሚ ጨምሩበት።

ስኳር ድንች ነው ተብሎ ጣዕሙ የታለ?

ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛ፣ ድንቹ ገና ከመሬት እንደወጣ በስሏል። ሙቀት ባለበት ቤት አንድ ሁለት ሳምንት ቢቆይ ይጣፍጣል። ሁለተኛ፣ በችኮላ በስሏል። ስኳር ድንች ውስጥ ያለው ስታርች ወደ ስኳር የሚለወጠው በዝግታ ሲሞቅ ነው። ከ60 እስከ 75 ዲግሪ ባለው መሃል ብዙ በቆየ ቁጥር ይጣፍጣል። የፈላ ውሃ ውስጥ ሲጨመር ያንን ደረጃ ሮጦ ያልፈዋል። ረመጡን ያወደስኩት ለዚህም ጭምር ነው።

እግረ መንገዴን፦ ስኳር ድንች ሙቀት ይወዳል። ከ12 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ ይጎዳል። ፍሪጅ የገባ ድንች ቢቀቅሉት ቢቀቅሉት መሃሉ እንደ ጠጠር ጠንክሮ ይቀራል። ደሴ ላይ በብርድ ወራት በረንዳ ላይ አታሳድሩት። ማድቤት ውስጥ፣ ከምድጃው ራቅ ብሎ፣ ላስቲክ ሳይሆን ቅርጫት ውስጥ ይቀመጥ።

ቅቤው ይጎላል

የገበያ ለጋ ቅቤ አሬራ ይዞ ይመጣል። ውሃም ነው፣ ጠረንም ነው። በቀዝቃዛ ውሃ እያሻችሁ እጠቡት፣ ውሃው ጥርት እስኪል። በቅመም የተነጠረውን ግን ለዶሮ ወጡ ተዉለት፤ ከቀረፋ ጋር አይታረቁም። ድንቹ ራሱ ክር የበዛበት ከሆነ ደግሞ በወንፊት አሳልፉት።

ትኩሱ ጥሩ ነበር፣ በማግስቱ ረጠበ

መሃሉ ላይ የቀረው እርጥበት ሌሊቱን ወደ ጠርዙ ይሄዳል። ትኩሱን ላስቲክ ውስጥ ከከተታችሁት ደግሞ የራሱ እንፋሎት ይጨርሰዋል። ሰፌድ ላይ ዘርጉት። ሰፌድ ከታችም አየር ያስገባል፤ ሳህን ግን ታቹን ያልባል። ፍጹም ሲቀዘቅዝ በቆርቆሮ ጣሳ ክደኑት።

ከረጠበ በኋላም ይድናል። 120 ዲግሪ ላይ 10 ደቂቃ፣ ወይም የጠፋ ግን ያልቀዘቀዘ ምጣድ ላይ ትሪ አድርጋችሁ አክንባሎ ድፉበት። ክረምት ላይ፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማዋን ሲሸፍን፣ ይህን ሁለተኛ ማድረቅ ከመጀመሪያውም አትዝለሉት። ለስለስ ያለውን ዓይነት ከሦስት ቀን በላይ አታቆዩ።

ለጾም ሠራሁት፣ ዘይት ይተፋል

ጎረቤት ጾመኛ ባለበት አገር ይህ ጥያቄ ሁሌም ይመጣል። ችግሩ 100 ግራም ቅቤን በ100 ግራም ዘይት መተካት ነው። ቅቤ ውስጥ አንድ ስድስተኛ ያህል ውሃ አለ። ዘይት ግን ሙሉ በሙሉ ዘይት ነው። 80 ግራም ዘይትና አንድ የሾርባ ማንኪያ ውሃ አድርጉ። የዘይት ሊጥ ብርድ ላይ ስለማይረጋ በመዳመጥ አትታገሉት። በእጅ ድቡልቡል አድርጋችሁ በሹካ ጠፍጠፍ አድርጉት። በሮመዳን ለማፍጠሪያ የሚሠራ ሰው ቅቤው ስለማይከለከለው በመጀመሪያው ልኬት ይሂድ፤ ቴምር ከትፎ ሲጨምር ግን ስኳሩን በግማሽ ይቀንስ።

ይመራል

ይሄ ብቻ መፍትሄ የለውም። ድንቹ ላይ የነቀዝ ቀዳዳ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ወይም ሻጋታ ነበረበት ማለት ነው። ድንቹ ሲጎዳ ራሱን ለመከላከል መራራ ነገር ያመነጫል። ማብሰል አያጠፋውም፣ ስኳርም አይሸፍነውም፣ ለጤናም ጥሩ አይደለም። የተበላሸውን ቆርጦ ቀሪውን ማትረፍም አያዋጣም፤ መራራው ከነቀዙ አልፎ ይገባል። ስለዚህ ገበያ ላይ አገላብጣችሁ፣ ቀዳዳ የሌለውን መርጣችሁ ግዙ። ለላሟ እንስጣት የሚል ሰው ካለም ይቅር በሉት፤ የሻገተ ስኳር ድንች የከብት ሳንባ ይመታል።