ነፍሰ ጡሮች፣ በጎናችሁ ተኙ
ነፍሰ ጡር ለሆናችሁ በሙሉ፣ በተለይ 28ኛ ሳምንታችሁን ለያዛችሁ፦ ማታም ሆነ ቀን ጋደም ስትሉ በጎናችሁ ይሁን። በጀርባ ሲተኛ የከበደው ማህፀን ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቁን የደም ሥር ይጫነዋል፤ ያኔ ወደ ልጁ የሚሄደው ደም ይቀንሳል፣ እናትየዋንም ሊያዞራት ይችላል። ብዙ ሰው ግራ ጎን ብቻ ይላል፣ ቀኙም ግን ችግር የለውም፤ አንዱ ሲደክማችሁ ገልበጥ በሉ።

ትራስ ላይ አትሰስቱ! አንዱን ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት በእግራችሁ መሃል አስገቡ፣ ሌላ ቀጠን ያለ ከሆድ ሥር፤ የወገቡና የዳሌው ሕመም ቀለል ይላል። ከጀርባችሁም አንድ ብትወትፉ ሳታውቁት እንዳትገለበጡ ይይዛችኋል። ሌሊት ስትነቁ በጀርባችሁ ተኝታችሁ ራሳችሁን ብታገኙት አትደንግጡ፣ ዞር ብላችሁ መልሳችሁ ተኙ፣ በቃ።

ቃር ካስቸገራችሁ ከደረት በላይ ያለውን ሰውነታችሁን በትራስ ከፍ አድርጉ። ስትነሱ ደግሞ ብድግ አትበሉ፤ በጎን ሆናችሁ እግራችሁን አውርዱ፣ ከዚያ አልጋውን በእጃችሁ ገፍታችሁ ቀስ ብላችሁ ተቀመጡ።

የልጁ እንቅስቃሴ የቀነሰ ከመሰላችሁ ግን የአተኛኘት ጉዳይ ነው ብላችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ፣ ወዲያው ወደ ሐኪም ሂዱ።