ድብቁ በር ግድግዳውን የሚፍቀው ለምንድን ነው?

ከግድግዳው ፓነል ጋር ተመሳስሎ የተሠራ በር ሲያስቸግር ቶሎ የሚወቀሰው አናጺው ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ማጠፊያውን ነው። ብዙ ሰው ማጠፊያውን በመልኩ ይመርጣል። መታየት ያለበት በሩ የሚዞርበት መስመር የት ላይ እንደሚያርፍ ነው።

ሲከፈት ዞኮሎው ይላጣል

ከሁሉም የሚበዛው ይሄ ነው። እህቴ ሳሎን ውስጥ እንዲህ ዓይነት የዕቃ ማስቀመጫ በር ነበር። ሲዘጋ መኖሩም አይታወቅም። ሲከፈት ግን በማጠፊያው በኩል ከታች ቀጭ ይላል። ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ የዞኮሎው (ከግድግዳው ግርጌ ወለሉን ተከትሎ የሚሄደው ጠርዝ) ቀለም የጥፍር ስፋት ያህል ተልጦ ቡናማው ኤምዲኤፍ፣ ያ ከተጨመቀ የእንጨት ጭረት የሚሠራው ሰሌዳ፣ ወጥቷል።

ዞኮሎው ከፓነሉ 15 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ወጥቶ ነበር። በሩ የሚዞረው ደግሞ ልክ በፓነሉ ፊት ላይ ነው። እንዲህ ሲሆን በሩ ላይ የተለጠፈው የዞኮሎ ቁራጭ ግድግዳው ላይ ካለው ጋር መጋጨቱ አይቀርም። ጎላ ብሎ የሚወጣ የፓነል ጌጥም እንደዚሁ ያደርጋል።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ከፓነሉ ወደ ፊት የወጣውን ነገር ሁሉ ለኩ። የማጠፊያው ዘንግ ከዚያ ጋር እኩል ወይም ቀደም ብሎ መዋል አለበት። ተራው ማጠፊያ ይህን ይችላል፤ ዘንጉ ግን ውጭ ይታያል። ከበሩ ጀርባ ባዶ ቦታ ካለ ወደ ውስጥ እንዲከፈት አድርጉት። ያኔ ተራው ማጠፊያም ከኋላ ይደበቃል፣ በማጠፊያው በኩል ያለው ግጭትም ይቀራል። እኔ በጣም የምወደው መፍትሄ ይሄ ነው። እህቴ ቤት ግን መደርደሪያው በሩን ተጠግቶ ስለነበር አልሆነም። በዚያ ግድግዳ ላይ ዞኮሎውን አንስተን ፓነሉን እስከ ወለሉ አወረድነው።

በሩ ተንጋዶ ወለል ይነካል

ይሄ የክብደት ጉዳይ ነው። ቁመቱ 210፣ ወርዱ 80 ሴንቲ ሜትር የሆነ የ18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ በር ወደ 23 ኪሎ ይመዝናል። ውፍረቱ 40 ሚሊ ሜትር ከሆነ 50 ኪሎ ይደርሳል። የኪችን ካቢኔት ማጠፊያ፣ ያ 35 ሚሊ ሜትር ክብ ጉድጓድ የሚፈልገው፣ ለዚህ አልተሠራም። ቀስ እያለ ብሎኑን ነቅሎ ይወጣል። ለትልቅ በር ጠርዙ ተፈልፍሎ የሚቀበረውን ድብቅ የበር ማጠፊያ ውሰዱ፤ ስንት ኪሎ እንደሚሸከም ግን ጠይቁ። በጣም ከከበደ ከላይና ከታች ተተክሎ ክብደቱን ወለሉ ላይ የሚጥለው ዓይነት ይሻላል።

ኤምዲኤፍ ጠርዙ ላይ ብሎን ሲገባበት ይሰነጠቃል። መጀመሪያ ጠርዙን በጠንካራ እንጨት አልብሱት፣ በኮላም አጣብቁት። ሦስተኛ ማጠፊያ ከጨመራችሁ መሐል ላይ ሳይሆን ከላይኛው ትንሽ ዝቅ አድርጉት፤ በሩ የሚጎተተው ከላይ ነውና።

ገፋ ሲደረግ አይከፈትም

እጀታ የሌለው በር ገፋ ሲያደርጉት ብቅ እንዲል ከኋላው የሚገፋ መያዣ ይደረግለታል። ማጠፊያው በስፕሪንግ ራሱን የሚዘጋ ከሆነ ሁለቱ ይጣላሉ፤ አንዱ ይገፋል፣ ሌላው ይጎትታል። ስፕሪንግ በሌለው ማጠፊያ ቀይሩት። በሩ ተገፍቶ የሚገባበት 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ክፍተትም ከኋላው ተዉ።

ክፍተቱ እኩል አይደለም

በድብቅ በር ላይ አንድ ሚሊ ሜትርም ከሩቅ ይታያል። ወደ ጎን፣ ወደ ላይና ወደ ፊት በካቻቢቴ የሚስተካከል ማጠፊያ ግዙ። ዋጋው ይጨምራል፤ ግን ክረምት ላይ እንጨቱ ሲያብጥ በሩን ሳታወርዱ ታስተካክሉታላችሁ።

ጠባቡ በር በመዝጊያው በኩል ይነክሳል

ወደ ውጭ በሚከፈት፣ ወርዱ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 4 ሴንቲ ሜትር በሆነ በር ላይ የኋላው ማዕዘን ሲዞር ከወርዱ ወደ 2.7 ሚሊ ሜትር ያልፋል። የ80 ሴንቲ ሜትሩ ግን 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚያልፈው። ጠባቡ የሚያስቸግረው ለዚህ ነው። ማጠፊያውን አትንኩት። የበሩን ጠርዝ ከኋላው በኩል 2 ሚሊ ሜትር ያህል አጋድላችሁ ላጉት። ከፊት ምንም አይታወቅም።