ለጋራንቲ ብር ከመጨመራችሁ በፊት

ሰሞኑን ባህር ዳር፣ ጊዮርጊስ አካባቢ ስልክ ልገዛ ገብቼ ነበር። ዋጋ ከተስማማን በኋላ ልጁ «ትንሽ ጨምርና የስድስት ወሩን ጋራንቲ ዓመት ላድርግልህ» አለኝ። ጋራንቲ የሚለው በእስክርቢቶ የተሞነጫጨረች ካርድ ናት። ስገለብጣት «ስክሪንና ባትሪ አይጨምርም» ትላለች። ታዲያ ስልክ ላይ ሌላ ምን ይበላሻል?

ብር ሳትጨምሩም ሕግ የሰጣችሁ መብት አለ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ የገዛችሁት ዕቃ ጉድለት ከተገኘበት፣ በገዛችሁ በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስ የማለት መብት ይሰጣችኋል። የተሻለ ጋራንቲ ካላችሁ እሱ በላዩ ይጨመራል እንጂ ይሄን አያስቀርም። «እንጠግናለን እንጂ አንመልስም» ሲሏችሁ ዝም ብላችሁ አትውጡ።

ስለዚህ 15ቱን ቀን ስልኩን ፋታ አትስጡት። ሁለቱንም ሲም አስገቡ፣ ባትሪውን ጨርሱት፣ ጣና ዳር ወጥታችሁ ካሜራውን ሞክሩ (ሐይቁ ውስጥ ከጣላችሁት ግን የራሳችሁ ጉድ ነው)። ደረሰኝ ተቀበሉ፤ የስልኩ መለያ ቁጥርም ይጻፍበት። *#06# ስትደውሉ ይመጣል። አለዚያ ክርክሩ «ከኔ አልገዛህም» ላይ ያልቃል።