ቆጣሪው አልተሳሳተም፣ እኔ ነኝ ገልብጬ ያነበብኩት

ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ ባለ የቡና መፈልፈያ ውስጥ አንድ ዲጂታል የመብራት ቆጣሪ ከኮምፒውተር ጋር በሞድበስ (መሣሪያዎች ቁጥር በሚለዋወጡበት የመግባቢያ ደንብ) አገናኘሁ። የቆጣሪው መስኮት 700.00 ኪሎዋት ሰዓት ይላል። ኮምፒውተሩ ደግሞ 292,552,705! ባለቤቱ አዩና «ልጄ፣ የጅማን መብራት በሙሉ ነው እንዴ የቆጠረው?» አሉኝ። አፈርኩ።

መጀመሪያ ሽቦውን ጠረጠርኩ። ግማሽ ቀን በከንቱ ሄደ። በኋላ ከቆጣሪው የመጡትን ጥሬ ቁጥሮች አየሁ፤ 4464 እና 1። ለካ ነገሩ እዚህ ጋ ነው። አንድ የሞድበስ ሬጅስተር (ቁጥር የሚቀመጥበት ሳጥን በሉት) የሚይዘው 16 ቢት ብቻ ነው፤ ከ65535 አያልፍም። ትልቅ ቁጥር ሲመጣ ለሁለት ሬጅስተር ይከፈላል። የትኛው ግማሽ ይቅደም የሚለውን ግን ሞድበስ አልወሰነም፤ አምራቹ እንደፈለገ ያደርገዋል። የኔ ቆጣሪ የታችኛውን ግማሽ (እንዳለ የሚደመረውን) ያስቀድማል፣ ፕሮግራሜ የላይኛውን (በ65536 የሚባዛውን) ይጠብቃል።

ቦታቸውን አቀያየርኩ። 1 በ65536 ተባዝቶ 4464 ሲደመርበት 70000 መጣ። ይሄም 700 አይደለም! መመሪያውን ገለጥኩ፤ ግርጌው ላይ በደቃቅ ፊደል፣ እያንዳንዱ 1 ቆጠራ 0.01 ኪሎዋት ሰዓት ነው ይላል። እዚያ መደበቁ ምን ይሉታል? ለ100 አካፈልኩት።

መፈልፈያው ተነሳ። ሁለቱም እኩል 701 ሲሉ አይቼ ቡናዬን ጠጣሁ።